ለቡና ሱሰኛ ጓደኛችሁ ምን ልግዛ ካላችሁ

ሁላችንም አንድ አለን። ጠዋት ቡና ካልቀመሰ ራሱን የሚያመው፣ ከሰዓት ላይ ደግሞ "ቡና አንልም እንዴ?" ብሎ የሚደውል። ልደቱ ሲደርስ "ይሄማ ቀላል ነው፣ ቡና ይወዳል" እንልና በችኮላ የስጦታ ዕቃ ቤት ገብተን የቡና ፍሬ የተሳለበት ትልቅ ኩባያ ገዝተን እንወጣለን። ኩባያው በሳምንቱ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ይሆናል።

ቡና የሚወድ ሰው ቡና የተሳለበት ዕቃ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሲኒው ውስጥ የሚገባውን ቡና የሚያሻሽልለት፣ ወይም ጠጥቶ የሚጨርሰው ነገር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

1. አጠጣጡን እወቁ

ቡና ወዳድ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዷ ረከቦቷን ዘርግታ፣ ቆልታ፣ ዕጣን አጭሳ፣ ጎረቤት ጠርታ ካልሆነ ቡና ጠጣሁ የማትል ናት። ሌላው ካፌ ገብቶ "ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ" ማለት የለመደ ነው፤ ቤቱ ጀበና የሚባል ነገር የለም፣ ቢሰጡትም አቧራ ነው የሚጠጣው። ሦስተኛው ዓይነት በቅርብ ዓመታት የበዛው ነው። ቡናውን በግራም ይመዝናል፣ "የታጠበ ነው ደረቅ?" (ገለፈቱ ተልጦ በውኃ ታጥቦ የደረቀ ነው ወይስ ከነገለፈቱ?) ብሎ ይጠይቃል፣ ስኳር ስትጨምሩ ፊቱን ያጨማድዳል።

ለመጀመሪያዋ የሚሆነው ለሦስተኛው አይሆንም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችሁ ጠጡና ልብ ብላችሁ እዩ። ቤት ነው የሚያፈላው ወይስ ውጭ ነው የሚጠጣው? ራሱ ይቆላል ወይስ የተፈጨ ነው የሚገዛው? በስኳር፣ በጨው፣ በጤና አዳም ወይስ ባዶውን? አቦል ጠጥቶ ይነሳል ወይስ በረካ ድረስ ይቀመጣል? የምትገዙት ነገር ግማሹ እነዚህ መልሶች ውስጥ አለ።

2. የጎደለውን ፈልጉ

ቤቱ ከገባችሁ ዓይናችሁን ወደ ረከቦቱ ወርወር አድርጉ። ስድስት ከነበሩት ሲኒዎች አራት ቀርተው ከሆነና ሌሎቹ እንግዶች በሻይ ብርጭቆ የሚጠጡ ከሆነ ስጦታችሁ ተገኘ ማለት ነው። የጀበናው ክዳን ጠፍቶ በተጠቀለለ ወረቀት የሚከደን ከሆነም እንዲሁ። ማቶቱ፣ ያ ጀበናው የሚቀመጥበት ክብ ነገር፣ ተበጣጥሶ አይታችሁ ይሆናል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ዋጋው ምንም አይደለም፣ ሰውየው ግን "እንዴ፣ አይተሽው ነው?" ይላል። እኔ ከትልቅ ዕቃ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

ሲኒ ስትገዙ የጎደሉትን ሁለቱን ብቻ ለመተካት አትድከሙ። ያው ቅርፅና ያው አበባ ያለበት ሲኒ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ገበያ ላይ አይገኝም። ሙሉ ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ግዙ። ውስጡ ነጭ ቢሆን ጥሩ ነው፣ የቡናው መልክ ይታያል። ከንፈሩ ላይ ጣታችሁን አዙሩና ሻካራ ወይም የተላጠ ነገር እንደሌለው አረጋግጡ። ትንሽ ወፈር ያለው ቡናውን ቶሎ አያቀዘቅዘውም።

3. ራሱን ቡናውን ልትሰጡ ካሰባችሁ

ከሁሉም በላይ የምመክረው ይሄን ነው። ግን አንድ ጣጣ አለው። እኛ ዘንድ ቡናና ስኳር ይዞ መሄድ ያደግንበት ነገር ነው፤ አክስት ስንጠይቅ፣ ለቅሶ ስንደርስ፣ የታመመ ስንጎበኝ። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና በፌስታል ይዛችሁ ልደት ቤት ብትገቡ "ማን ሞተ?" መባላችሁ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአመራረጡና ከአቀራረቡ ነው። "ቡና" ብቻ አትግዙ፤ የየት ቡና እንደሆነ የምታውቁትን ግዙና በወረቀት ጻፉበት።

የትኛውን? በጣም ባጭሩ እንዲህ ነው። ይርጋጨፌ፣ በተለይ የታጠበው፣ ቀለል ያለና የአበባና የሎሚ ሽታ ያለው ነው፤ ያ ሦስተኛው ጓደኛችሁ ይወደዋል። የሐረር ቡና በተለምዶ እንደ እሸቱ ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ጠንከር ይላል፣ የደረቀ ፍራፍሬ የሚመስል ጣዕም አለው። የጅማና የወለጋ ቡና ብዙ ቤት ለጀበና የለመድነው ነው። ሲዳማና ጉጂ ደግሞ በውጭ ገዢዎች ዘንድ ስማቸው ገንኗል። ጓደኛችሁ ቡናውን ክስል እስኪል የሚቆላ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ውድ በሆነው ላይ አታፍስሱ። በጣም ከጠቆረ የይርጋጨፌውም የሌላውም ጣዕም አንድ ነው፣ የምትቀምሱት ቁላቱን ብቻ ነው።

ጌሻ ስለሚባለው የቡና ዓይነት አንድ ነገር ልበል። ስሙ የመጣው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው፤ ዓለም ያበደለት ግን በፈረንጆቹ 2004 የፓናማ ገበሬዎች ውድድር ላይ አቅርበውት ካሸነፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ "ጌሻ" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋጋ ያስጨምራል። ጽሑፉን አትመኑ፣ የሚሸጠውን ሰው ጠይቁ፤ የት ወረዳ፣ የትኛው ዓመት ምርት፣ የታጠበ ነው ደረቅ? መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥሬ ቡና ስትገዙ ደግሞ ከማዳበሪያው ላይ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ብርሃን ላይ እዩት። መልኩ ወደ አረንጓዴ ወይም ግራጫ የሚያደላ፣ መጠኑም ተቀራራቢ መሆን አለበት። ነጣ ብሎ የገረጣ ከሆነ ከርሟል። ጥቁር ፍሬ፣ የተሰበረ፣ ነቀዝ የበሳው ከበዛበት ተዉት፤ ጓደኛችሁ ቁጭ ብላ ስትለቅም እናንተን ነው የምታስበው፣ በክፉ። ከዚያ አሽትቱት። ጥሬ ቡና የሣር የሣር ይሸታል። የእርጥብ ጆንያ፣ የሻጋታ ወይም የጋዝ ሽታ ካለው በምንም ቁላት አይለቅም። አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ያዝ አድርጉ፤ ጠንካራ ሆኖ ከተሰበረ በደንብ ደርቋል፣ ጥርስ ከገባበትና ከተለጠጠ እርጥበት አለው፣ ቤት ሲቀመጥ ይሻግታል።

ደህና የደረቀ ጥሬ ቡና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። የተቆላ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፍሬው እንዳለ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው ጥሩ የሚሆነው፤ ከተፈጨ ደግሞ ሽታው በቀናት ውስጥ ይሸሻል። ስለዚህ መፍጫ ላለው ሰው ፍሬውን እንዳለ ግዙለት። ቦርሳው ላይ የሚያበቃበት ቀን ብቻ ሳይሆን የተቆላበት ቀን የተጻፈ ከሆነ ቡናውን የቆላው ሰው ሥራውን ያውቃል። ቦርሳው ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ቀዳዳ መሰል ነገር ጌጥ አይደለችም፤ ቡና ከተቆላ በኋላ ለቀናት ጋዝ ይለቃል፣ እሷ ጋዙን ታወጣለች፣ አየር ግን አታስገባም።

የታሸገ ለመግዛት ቅርብ የሆነው ለብዙ አዲስ አበቤ ቶሞካ ነው፤ በፈረንጆቹ 1953 ፒያሳ ከተከፈተ ጀምሮ እየቆላ ይሸጣል፣ ፍሬውንም የተፈጨውንም። አሁን ግን በየሰፈሩ ቡና የሚቆሉ ትንንሽ ቤቶች አሉ፣ ከእነሱ ያን ዕለት የተቆላ ማግኘት ይቻላል። ስትገዙ በምን እንደሚያፈላው ንገሯቸው። ለጀበና ደቀቅ ያለ፣ ለፍሬንች ፕሬስ (ቡናው ተዘፍዝፎ በወንፊት ወደ ታች የሚጫንበት ማፍያ) ሸካራ ነው የሚፈጨው፤ ሳትናገሩ ከወጣችሁ የመጣላችሁን ነው የምትወስዱት።

4. ጀበናና የጀበና ዕቃ

ረከቦት ለምትዘረጋው ጓደኛ ነው ይሄ። ጀበና ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ግን አይደለም። መርካቶ ወይም የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር በሆነው ቀጨኔ ብትሄዱ ምርጫው ብዙ ነው፣ ጊዜ ወስዳችሁ ምረጡ።

ጀበናውን በአንገቱ ሳይሆን በሆዱ ደግፋችሁ አንሱት። በጣታችሁ አጥንት ኳ ኳ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካወጣ የሆነ ቦታ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለው። ጆሮው ውስጥ ጣታችሁን አስገቡ፤ ሁለት ጣት በምቾት ካልገባ ትኩስ ቡና ይዞ መቅዳት ሥቃይ ነው። ከዚያ ባለቤቷን ውኃ ለምኗትና ጨምራችሁ በቀጭኑ ቅዱት። ውኃው ቀጥ ብሎ ከወረደ፣ ስታቆሙም ወዲያው ከተቋረጠ ግዙት። ወደ ሆዱ የሚንጠባጠብ ከሆነ ረከቦቱን ሁሌ ያበላሻል። ሻጯ ከተቆጣች ሌላ ጋ ሂዱ፣ ጥሩ ጀበና ያላት ውኃ አትከለክልም።

መቀመጫውንም እዩ። ክብ ሆድ ያለው ለከሰልና ለማቶት ነው። ጓደኛችሁ የኤሌክትሪክ ምድጃ የምትጠቀም ከሆነ ከሥሩ ጠፍጠፍ ያለ ፈልጉላት። መጠኑን በሲኒ ጠይቁ፤ ብቻዋን ለምትኖር የአሥራ አምስት ሲኒ ጀበና ሸክም ነው።

አዲስ ጀበና ደግሞ ሳይሟሽ ቡና አይፈላበትም፣ አፈር አፈር ይላል። ከቻላችሁ አሟሽታችሁ ስጡ፤ ይሄ ከዕቃው በላይ ይቆጠራል። ውኃና የቡና አተላ ጨምራችሁ በለዘብተኛ እሳት አፍሉት፣ ድፉት፣ እንደገና። የሸክላው ጠረን እስኪጠፋ ድረስ ነው፣ አንድ ጊዜ አይበቃም። በሳሙና አትጠቡት፤ ሸክላ ሳሙናውን ጠጥቶ ኋላ አቦሉ ውስጥ ይመልሰዋል።

ሙቀጫ ያምራል፣ ሽታውም የተወቀጠው ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ እኔም አልቃወምም። ግን ጓደኛችሁ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነች የሦስተኛውን ፎቅ ሰዎች አስቡላቸው። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያ ዘነዘና ሲያርፍ ጣራቸው ነው የሚወቀጠው። ለእሷ የእጅ መፍጫ ይሻላል።

ዕጣን ከሰጣችሁ ጥሩ ዕጣን ይሁን። ፍሬው ጠንከርና ነጣ ያለ፣ አቧራና ቅርፊት ያልበዛበት። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ካለ ግን ዕጣኑን ተዉትና ለቡና ቁርስ የሚሆን ነገር ያዙ፤ ጥሩ የገብስ ቆሎ ማንም አይጠላም።

5. በግራም ለሚመዝነው

እሱ ጋ ስትሄዱ ስለ ጀበና አታስቡ። የሚጠቅመው ሦስት ነገር ነው፤ መፍጫ፣ ሚዛን፣ ጥሩ ቡና።

መፍጫ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቢላ የሚሽከረከርበት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ቡናውን ይከትፈዋል እንጂ አይፈጨውም፣ ግማሹ ዱቄት ግማሹ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው በሁለት ጥርሳም ብረት መካከል የሚፈጨው ነው፤ የሚወጣው እኩል ስለሆነ ቡናውም እኩል ይወጣል። ገንዘብ ካላችሁ እዚህ ላይ አውጡት። በእጅ የሚዞረው መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ እኛ አገር ይሄ ቀላል ነጥብ አይደለም።

ሚዛኑ ግራም የሚያሳይ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ይሁን፣ ሌላ አያስፈልግም። በማጣሪያ ወረቀት የሚያንጠባጥቡት ሰዎች ብዙ ጊዜ ለ15 ግራም ቡና ወደ 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው የሚጠቀሙት፤ በማንኪያ እየገመቱ እዚህ ጋ መድረስ አይቻልም።

ካፌ ለለመደውና ቤቱም እንዲያፈላ ለምትፈልጉት ሰው ሞካ የሚሏት የጣልያን ማፍያ ጥሩ መነሻ ናት። ምድጃ ላይ ትጣዳለች፣ በደቂቃዎች ወፍራም ቡና ትሰጣለች፣ ወተት ካፈላ ማኪያቶ መሰል ነገር ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሉሚኒየሙ ሞካ ኢንዳክሽን በሚባለው ምድጃ ላይ አይሞቅም። ምድጃውን ሳታውቁ አትግዙ፣ ወይም ለኢንዳክሽን የሚሆነውን የብረት ሞካ ግዙ።

የኤስፕሬሶ ማሽን ልግዛ የምትሉ ካላችሁ፣ ተዉት። ቦታ ይበላል፣ ጥሩ መፍጫ ይፈልጋል፣ መታጠብ ይፈልጋል፣ ሰውየውም ሞዴሉን ራሱ መምረጥ ይፈልጋል። ካልሆነ ገንዘብ አዋጥታችሁ ስጡት።

6. ውጭ አገር ላለ ጓደኛ

እዚህ ጋ ፍቅር ብቻ አይበቃም። ከአዲስ አበባ የምትልኩት የኤሌክትሪክ ዕቃ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፤ አውሮፓ፣ እስራኤልና ዱባይ ቮልቱ ተቀራራቢ ነው፣ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃል። አሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው፣ መፍጫችሁ ዋሽንግተን ደርሶ ያዛጋል። የሚሰካ ነገር ከሆነ እዚያው ይገዛ።

ለሩቅ ሰው ብዙ ጊዜ የተቆላ ቡና ይሻላል፣ ምክንያቱም አፓርታማ ውስጥ መቁላት የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል። ከሰልና የከሰል ማንደጃ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። በተዘጋ ቤት ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ፍሬውን እንዳለ ላኩ እንጂ አስፈጭታችሁ በእጅ ሻንጣ አታስይዙ፤ ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁ ተጨማሪ ፍተሻ አለው። ከዚህ ሲወጣም መንገደኛ የሚይዘው የቡና መጠን ገደብ ስላለው ቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ፣ ቦሌ ላይ ሻንጣ ከፍቶ መከራከር ደስ አይልም። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ "ምግብ ይዛችኋል?" ሲባሉ አዎ ይበሉ። የተቆላ ቡና ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ መደበቅ ነው የሚያስቀጣው።

ሸክላ ጀበና የምትልኩ ከሆነ ውስጡን በካልሲ ሙሉት፣ አንገቱን ለብቻው በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት። የሚሰበረው ሁሌ አንገቱና ጆሮው ነው። መንገደኛው እሺ ካለ በእጅ ይያዝ።

7. አሰጣጡ

ዕቃ ከሰጣችሁ ባዶውን አትስጡ። ጀበና ከሆነ ከሩብ ኪሎ ቡና ጋር፣ መፍጫ ከሆነ አዲስ ከተቆላ ፍሬ ጋር፣ በዚያኑ ቀን እንዲሠራበት። ባጀታችሁ አነስተኛ ከሆነም አትሸማቀቁ፤ የቡና ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ አንድ ኪሎ የተለቀመ ንጹሕ ቡና ዛሬ ወፍራም ስጦታ ነው።

የተቆላ ቡና ከሆነ ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ቁምሳጥን ውስጥ አታቆዩት። ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ቀን በፊት አስቆሉና ስጡ። ፍሪጅ ውስጥም አታስቀምጡት፣ እርጥበትና የሽንኩርት ሽታ ይስባል። ወረቀቱ ላይ የየት ቡና እንደሆነ፣ መቼ እንደተቆላና ከየት እንደገዛችሁት ጻፉ። ከወደደው ያንኑ ሄዶ ይገዛል፣ ካልወደደውም ምን እንዳልወደደ ያውቃል።

ሁሉ ነገር ያለው ጓደኛም አለ። ጀበናው አለ፣ መፍጫው አለ፣ ሲኒው ሙሉ ነው። ለእሱ አንድ እሑድ ከሰዓት ስልካችሁን አጥፍታችሁ ቤታችሁ ጥሩትና ራሳችሁ ቁሉለት። ሁሌ አፍልቶ የሚያጠጣ ሰው ሌላ ሰው አፍልቶ ሲቀዳለት አያውቅም። ቄጠማ ካገኛችሁ ጎዝጉዙ፣ ፈንድሻ አዘጋጁ፣ ሦስተኛው ሳይቀዳ "እሄዳለሁ" ቢል በሩን ቆልፉት።